አስኳሉ ከተቀየረ በኋላ

ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ሰባት ሰዓት አልፏል፤
ከፖስታ ቤት ጀርባ ፎቁ ሁሉ ተኝቷል።
አሮጌውን አስኳል ከሰርቨሩ አንሥቼ
አዲሱን ተከልኩት፣ ትንፋሼን ገትቼ።
ተነሣ። መብራቱ አረንጓዴ በራ።
ጃኬቴን ደረብኩኝ፤ አበቃ ያ ሥራ፤
ብቻ በር ላይ ደርሼ፣ «እስቲ» አልኩ፣ «ላመሉ፣
ማን እየሠራ ነው? ይቆጠሩ ሁሉ።»

ቆጣሪው መለሰ፦ «ማንም እዚህ የለም።»
ማራገቢያው ሲጮህ፣ ደመወዝ ሲታረም፣
ማንም?
ሰዓት ነጋሪውን ብጠይቀው ድንገት፣
«ከተነሣን» አለ «ሃምሳ አራት ዓመት።»
እኔ ራሴ ገና ሠላሳ አንዴ ነው።
ሜሞሪ መዛኙ ከዜሮም ወረደ፣
የሌለውን ነገር ከሌለው ወሰደ።

ሰው ሲዋሽ ዓይኑን ያሸሻል፤ እነዚህ ዓይን የላቸው፤
ውሸትም አይደለም፤ ቁና ነው ያረጀባቸው።
አስኳሉ መዝገቡን በአዲስ ዓምድ አስምሮ፣
እነሱ ሲያነቡት በለመዱት ድሮ፣
ስም ካለበት ቁጥር፣ ቁጥር ካለበት ባዶ።

ይህን ግን ቶሎ አላየሁ፤ ሦስቴ አጥፍቼ አስነሣሁ፤
ገመድ ነቀልኩ፤ ሰደብኩት፤ እናቱንም አነሣሁ፣
እናት እንደሌለው እያወቅኩ።
ሰፈሬ እሪ በከንቱ ነው፤ ስሙ ያን ሌሊት ገባኝ።
በመጨረሻ ፋናዬን በስልክ ብቀሰቅሳት፣
«ልቡን ቀየርክ፤ ዓይኑንስ?» አለችና ዘጋችብኝ።

ጋሽ ደበሌ፣ ዘባችን፣ ስልኩን አብርቶ መጣ።
«ሠራተኞቹ አሉ» አልኩት፣ «ቆጣሪው ግን አጣ።»
ዝም አለ ጥቂት። «እኔም» አለ፣ «ትናንት አንዱ መንገድ ጠፍቶት
‹በልብስ ሰፊው ታጠፍ› ብዬ ላኩት ጠቁሜለት።
ልብስ ሰፊው እኮ ፈርሷል፤ አበባ ተተክሎበታል!
ዞር ስል፣ ሰውየው መሐሉ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ነው፤ ሥራ ቤት አይመታም።
ከአስኳሉ ጋር ባንድ ቀን የወጣውን ምንጭ አወረድኩ።
ቆጣሪውን፣ ሰዓት ነጋሪውን፣ መዛኙን
ከሥር ጀምሬ እንደገና አጠናቀርኩ።
ፊደል በስክሪኑ ሲንዠቀዠቅ፣ አንድ ጊዜ መብራት ድርግም አለ፣
ተመለሰ።
ጋሽ ደበሌ አማተበ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ «ማን አለ?» አልኩ ደግሜ።
«ሰማንያ ሦስት» አለኝ፤ አነበብኩት ቆሜ፦
ማን ማንን እንደወለደ፣ የተኛና የነቃውን፣
ሞታም አባቷ ያልቀበራትን አንዷን።
«ይኼ ሁሉ» አለ ጋሽ ደበሌ በትከሻዬ አሻግሮ፣
«እዚህ ነው እንዴ የሚያድረው?»

ሲነጋ ቸርችል ጎዳናን በሚኒባስ ወጣሁ፤
መንገዱ ሰፍቷል፤ አምፖሉ አዲስ ነው፤ አንቀላፋሁ፤
ብንን ስል፣ «ወራጅ አለ» አልኩ፣ «ዳቦ ቤቱ ጋ።»
ዳቦ ቤቱ ከፈረሰ ከርሟል።
ረዳቱ ግን አልሳቀም፤ ጣሪያውን ሁለቴ መታ፣
«ዳቦ ቤት ወራጅ!» አለ፤
ሹፌሩም ሳያመነታ
ጥግ ያዘ፣ አንድ እርምጃ ዝንፍ ሳይል፣
ዳቦ ቤቱ ጋ።