የጎን ደር

ፒያሳ አዳራሽ፣ ከፖስታ ቤቱ ኋላ፣
አሥራ ሁለት ሽበት ሰሌዳ ላይ ተተክላ።
«ከስልሳ በላይ» ይላል በር ላይ ያለው ወረቀት፤
የኔስ ሰባ ሞልቷል፣ ለመስከረም ስምንት።

ፊት ለፊቴ ጌጡ፣ መቶ አለቃ ጌጡ፣
ኮቱ እንደ ተቆለፈ፣ ቀጥ ያለ አቀማመጡ።
ነጩ ደረሰኝ ለኔ። ሰው ሁሉ ሲጀምር
መሐሉን ነው የሚል፣ በመሐል ለመክበር፤
እኔ ከዳር ጀመርኩ፤ ከግራው ወገን
ሦስተኛውን መደቅ ሁለት ቤት ገፋሁት፣ ከጎን።

«ያው ነህ» አለ ጌጡ፣ «የመሬት ቀያሽ፣
መሐሉ ሲያስፈራህ ወደ ዳሩ ምትሸሽ።»

እውነቱን ነው። ሠላሳ ዓመት ገመድ ስጎትት፣
ከአዘዞ እስከ ደንቢያ፣ ከወንዝ እስከ ጉብታ አናት፣
የሰው እርሻ ዙሪያ ዞሬ ዞሬ ስለካ
ለራሴ አንድ ጥማድ አልነበረኝ ለካ።

እርሱ መሐል ያዘ፤ ወታደር ነውና
ሁለቱን ጎን ለጎን አቆማቸው ቀና።
እኔም ፊሌን ወስጄ ጥጉ ላይ ወተፍኩት፣
ከዳር እስከ ዳር ድረስ በሰያፍ እንዲያይበት።
(ፊል ማለት ያባቴ ነው፤ በሰንጠረዥ ዘመን
ደር ይል ነበር ግንቡን፣ መደቅ እግረኛውን።)

በመስኮት ግንቡ ይታያል፣ ዝናብ ያረጠበው፣
ተበልቶ ከሰሌዳው ዳር ያቆሙት ደር የመሰለው።

ሠላሳኛው ላይ ነው። መሐሉ ሲሳሳ
ፈረሱን ሊያሸሽ እጁን ሲያነሣሣ
ጣቱ ተንቀጠቀጠች፣ ያ የቆየ ሕመም፤
ንጉሡን ነካችው። እኔ አላየሁም።

ዋሸሁ። አይቻለሁ። ዳኛዋ፣ ያቺ ልጅ፣
ሌላ ጠረጴዛ ናት፣ ሰዓት ይዛ በእጅ።
ዝም አልኩ። ማዘን ነው? ንቀት ነው? አላውቅም።
ፈረሱን ያንሣና እንቀጥል አልኩ፣ ግድ የለም።
እርሱ ግን መነጽሩን አውልቆ አየኝና
«ነክቻለሁ» አለ፣ «ሕግ ሕግ ነውና»፤
ንጉሡን አንድ ቤት አራመደ በቀስታ፣
ፈረሱ ለፊሌ ቀረለት ስጦታ።

ቀሪው ቀላል ነበር። በዳሩ መሥመር
ወርዶ ወርዶ ቆመ የቀረኝ የጎን ደር።
እጁን ዘረጋልኝ፤ ይንቀጠቀጣል መዳፉ፤
የኔም ከርሱ ብሶ፣ እስከ ጣቴ ጫፉ።

«ስማ» አለኝ ደረጃው ላይ፣ «አሁን ነው የገባኝ፤
በገዛ አገሬ ስም፣ በጎን ደር መታኸኝ!»

ሳቅን። መብራት ጠፍቷል። ድንጋዩ ያዳልጣል።
ያ የመሐል ሰውዬ ክንዴን አጥብቆ ይዟል።
ቁልቁል ወደ ቀሃ፣ እርሱ ከጎኔ፣
«አይቼ ነበር» ልል ሦስት ጊዜ ጀመርኩ እኔ።