የተበደረች ሰከንድ

"ቆማ ነበር" አልኳቸው፥ "አሁን ነው የነቃች፤
ዓይኔን ስጥልባት ቆጣሪዋ ትንሽ አመነታች፥
ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው መንገዷን ቀጠለች።"

ጋሽ ገብረየስ ሳቁ፥
አጉሊ መነጽራቸውን ካንድ ዓይናቸው ሳያወርዱ፤
"በሠላሳ ዓመቴ፥ በዚህች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፥
'ቆማብኝ ነበረ' ያላለኝ የለም አንዱ።
ሰዓትህ ጤነኛ ናት። ያታለለህ መንገዱ፥
ከበሩ እስከ እሷ ድረስ ዓይንህ የዘለለው።
ዓይን ሲዘል ዕውር ነው።
አእምሮ ግን ኩሩ ነው፤
ባዶ ቤቱን አያሳይም ለእንግዳ፤
ካረፈበት ቆርሶ፥ ወደ ኋላ ስቦ
ይደፍነዋል ያንን ቀዳዳ።
ለዚህ ነው ፊተኛዋ ሰከንድ የምትረዝም፤
ተበድራ ነው እንጂ፥ እሷስ ከእህቶቿ አትበልጥም።"

ሂሳብ አልተቀበሉኝም።
"ያልተበላሸ አልጠግንም።"

ከጎናቸው ፀጉር ቤት ገባሁ።
ከመስታወቱ ፊት ግራ ዓይኔን አየሁት፥
ቀኝ ዓይኔን አየሁት፥
ካንዱ ወዳንዱ ሲሄድ ግን አጣሁት።
አስተካካዩ ምንተስኖት ምላጩን እንደያዘ
"ኧረ ይንከራተታል! እኔ አየዋለሁ" አለ።
የገዛ ዓይኔን ጉዞ ሰው አውቆት እኔ ሳላውቀው
ግማሽ ጢሜን እንደተላጨሁ ነው የወጣሁት።

በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ስወርድ
ስንቴ ታወርኩ? አልቆጠርኩም።
ከተማዋ ድሪቶ ናት፤
ደራቿ ጎበዝ ነው፥ ስፌቱ አይታይም።

ስታዲየም ጣቢያ፥ ባቡሩ ውስጥ፥
ክንዴን ብረቱ ላይ ሰቅዬ
"ሄድን!" አልኩ፤ ሆዴም አብሮኝ ተወዛወዘ።
የሄደው የወዲያኛው ነው፥ ወደ ቃሊቲ።
አጠገቤ ጎመን በፌስታል የያዘች ሴት
እሷም ብረቱን ጨበጠች።
ተያየን። ሳቅን።
ሁለታችንም ሳንንቀሳቀስ
አንድ ሜትር ያህል አብረን ተጉዘን ነበር።

መስቀል አደባባይ ሲመሽ፥ የመኪናው የኋላ መብራት
ዓይኔን ሳዞር ተበተነ፥
እንደ መቁጠሪያ፥
ቀይ፥ ቀይ፥ ቀይ፥ አንዱ ብቻውን።

አሁን ፒያሳ ስሄድ
ሱቁ የለም።
የቆርቆሮ አጥር፤ ካጥሩ ወዲያ
እዚያ ሰፈር አይቼው የማላውቀው ሰፊ ሰማይ።
ግን ፊቴን ሳላዞር፥ በዓይኔ ጠርዝ፥
አንድ ነገር ከግራ ከቀኙ ቆርሶ
በሩን፥ የተሰነጠቀውን ደረጃ፥
"ሰዓት እንጠግናለን" የሚለውን፥
"ጠ" የረገፈችበትን ሰሌዳ፥
ያመጣና ይደፍነዋል ያንን ቀዳዳ።

ዞሬ ሳይ፥ የለም።
ደግሞ ወደ ታክሲዎቹ ሳይ፥ አለ።

ሰዓቴን አያለሁ። ቆማለች።
አይ፥ ሄደች።
ያቺ ፊተኛዋ ሰከንድ
ከማን እንደምትበደር ነግረውኛል፤
መቼ እንደምትከፍል ግን
ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።