ታህት

የነሐሴ ጠዋት፣ ቦርከና ደፍርሷል፤
ከደሴ የመጣ ጉም ሐረጎን አልብሷል።
ሙሄ ይመር ቆሟል ከማኮብኮቢያው ዳር፣
በአንድ እጁ ጅራፍ፣ በአንድ እጁ ደብተር።
ጅራፉ ለአሞራ፣ ደብተሩ ለእኔ ነው፤
ማታ ማታ ወስጄ የምደምረው።
እኔ የደኅንነት ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካልኩሌተር ያለኝ።

ማክሰኞ ስብሰባ ላይ አቶ ልሣነወርቅ
ሪፖርቱን አነሡት፣ ፈገግታቸው ደማቅ፦
«በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ግጭት የለም!
እንግዲህ ምን ቀረን? ሰላም ነው፤ ሰላም!»
ተጨበጨበ።
እኔም አጨብጭቤ፣
እጄን ሳወርደው ግን ተጠራጠረ ልቤ።

መምህርት ጦይባ፣ ያኔ ሐርቡ ሳለን፣
ጠመኔ እየሰበረች እንዲህ ነበር ያለችን፦
«ግማሽም አንድ ነው ላዕሉን ላየው ሰው፤
ሩብም አንድ ነው፤ ሺኛም አንድ ነው፤
ልዩነቱ ያለው ከሥር ነው፣ ከታህቱ፤
ከመስመሩ በታች ሳታዩ አትኩራሩ።»

ዜሮም እንዲያው ነው። ከላይ ጻፍነው፤ አማረ።
ከሥሩ ያለውን ማን ጠየቀ? ማን ቆጠረ?

ሁለት ሾፌር ላውራችሁ።
አንዱ ሙስጦፋ ነው፣
ሐረጎን በቀን አራቴ የሚመላለሰው፣
ሚኒባሱ ላይ ሦስት ጭረት ያለው።
ሌላው የአጎቴ ልጅ፣ ዓመት ጠብቆ
ለሠርግ የሚመጣ፣ መኪናው አብረቅርቆ፤
አንድም ጭረት የለው።
«ማን ይሻላል?» ብትሉኝ፣
ጭረቱን ተዉትና ቁልቁለቱን ቁጠሩልኝ።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ሙሄ ሲቀጠር
በሳምንት ሦስት ነበር የማረፊያው ቁጥር፤
ዘንድሮ በቀን አራት ነው፤ ሲዘንብም አይቀር።
አሞራው ያው አሞራ፣ ከቄራው ጓሮ
ሞቅ ሲል የሚነሣ፣ አየሩን ዞሮ ዞሮ።
የባቲ ገበያተኛም፣ እሑድ ከሰዓት፣
ግመሉን ነድቶ ያልፋል አጥሩ በወደቀበት።
ያኔ እሑድ በረራ አልነበረም።
አሁን አለ።
ማንም አልበደለም፤ ያው ናቸው ሁሉም፤
የበዛው የእኛ ነው፣ ከፊታቸው መቆም።

ማኑዋሉ ላይ «ተጋላጭነት» ይላል፣ በደማቅ ቀለም።
ሙሄ ማኑዋል አያነብም።
ጅራፉን እየጠቀለለ ግን አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦
«እኔስ ወፍ አልፈራም፤ የምፈራው አንተ ነህ፤
‹ተረፍን› እያልክ ስትምል፣ ስንቴ እንዳለፍን ጠፍቶህ።»

አንድ ነገር ልናዘዝ።
አርብ አርብ ገጹ ነጭ ነው፤
ሙሄ ጁምዓ ይሄዳል፤ ጅራፉ ከግድግዳው።
ያን ነጩን ገጽ እኔ፣ በገዛ ብዕሬ፣
«ዜሮ» ብዬ ሞላሁ፣ ከዓመት ዓመት ደፍሬ።
ያልታየን አሞራ «አልነበረም» አልኩት።
ያ ሁሉ ጭብጨባ ለእሱ ነው፤ ለነጭ ወረቀት።

አርብ ደረሰ። ጅራፉን እኔ ይዣለሁ፤
ማስጮህ አልችልበትም፤ ግን እቆጥራለሁ።
ከመስጊዱ በኩል አዛን እንዳበቃ
ቄራው ጓሮ አንድ ነገር ከመሬት ነቃ፤
አምስት... ሰባት... ዘጠኝ፤ ክንፋቸው ተዘርግቶ
በሞቀው አየር ላይ፣ ምንም ክንፍ ሳይመታ፣ ወጥቶ።
ከሐረጎ በላይ ድምፁ ቀደመ፤
ቀጥሎ ጎማው፣ ከጉሙ ሥር፣ ተንጠልጥሎ ቆመ።
በግራ ክንፉ በኩል አንዱ አሞራ ታጠፈ።
ስንት ሰው ነው ውስጡ? አላውቅም።
ጅራፉ ከእጄ ወደቀ።

አረፈ።

ምንም አልሆነም።
መሰላሉ ተጠጋ፤ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ወረደች፤
ሻንጣዋን ፈለገች፣ ታክሲ ጠራች፣ ሄደች።

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።
መስመር አሰመርኩ፤ ትንሽ ጠመመብኝ።
ከላይ፦ ዜሮ።
ከመስመሩ በታች፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፦
አንድ።