ገበር

ባዝ ከተማ ነበርሁ፣ ከወይዘሮ ሃክሌይ ባርኔጣ ቤት፤
ስሜ ኬዝያ ነው፣ ዕድሜዬም ያኔ ዐሥራ ስድስት፤
ሥራዬ ጥብጣብ መቁረጥ፣ ላባ መጠምዘዝ በእንፋሎት፤
ደሞዜ የአጥንት ሾርባና አንድ የሰገነት መስኮት።

ወይዛዝርቱ ማለዳ በፍል ውኃ ቁርጥማት ዘፍዝፈው፣
ቀትር ላይ ከደጃችን ከሁለት ሎሌ ትከሻ ወርደው፣
"ከለንደን ምን መጣ?" ይላሉ ገና በር ላይ ቆመው።
ይህ ይውረድ ይባላል፣ ያኛው ይፈታል፣
ዐሥራ ሰባት ሣጥን ባንኮኒው ላይ ይዘረገፋል፤
አንዲት ክንድ ዳንቴል ተገዝታ ይኬዳል።
እሷም በዱቤ ናት።

የእመቤት ሌቲስ ስትሮድ ገጽ ከደብተሩ መሀል
ወረቀት በወረቀት ሦስት ጊዜ ተቀጥሏል።
"ባሌ ይከፍልሻል" ትላለች፤
ባልም "ቀበሮ አድኜ ስመለስ" ይላል።
የዚያ አገር ቀበሮ መቼም አያልቅ!

በዚያ ዓመት መጋቢት ወይዘሮዋ ደፍራ፣
የሟች ባሏን ሰዓት አስይዛ፣ በአራጣ ተበድራ፣
የአተር እሸት የመሰለ የሐር ጥብጣብ ከኮቨንትሪ አስመጣች አስቆጥራ።
መቶ ስልሳ ክንድ። ስንፈታው ጠባቡ ክፍል በራ፤
ድመቷ ሄዳ ተኛችበት።
"ይህ ካልተሸጠ" አለችኝ፣ ድመቷን በመጥረጊያ እያባረረች፣
"አንቺ ወደ አባትሽ ቤት፣ እኔ ወደ ባለዕዳዎች ወህኒ ቤት።"

ሐሙስ ዕለት ደወል።
ከቤተ መንግሥት ሰው ሞቷል አሉ፤ አንድ ልዑል ነው፣
ባሕር ማዶ የኖረ፣ የአክስት ልጅ ልጅ፣ ዓይናችን ያላየው፣
ዳቦ ጋጋሪው ስሙን ሦስት ዓይነት አድርጎ የጠራው።
ዐዋጅ ግን ዐዋጅ ነው፤ ስድስት ሳምንት ከል፤
ያዘነም ያላዘነም ራሱን ያጥቁር ብሏል።

ወይዘሮዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ መቀሷን እንደያዘች፣ ለብዙ ሰዓት፤
"እግዚአብሔር ይማረው" አለች፣ "በሰኔ ቢሞት ምን ነበረበት?"

ማታ ትልቁን ድስት ጣድን፤
የባሉጥ ዛፍ እባጭ፣ የዛገ ሚስማር፣ ሆምጣጤ ጨመርን።
ያ እሸት ክንድ በክንድ ሲሰጥም
መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ እርሳስ፣ ኋላ ቁራ ሆነ።
እጄ እስከ ክርኔ ጠቆረ። ሌሊቱ ሲጋመስ እባጩ አለቀ፤
ሠላሳ ክንድ አረንጓዴ ከመነከር ተርፎ ጸደቀ።

"መጣል ኃጢአት፣ መሸጥ ወንጀል፤ እንግዲህ ገበር ይሁን።"
ዐሥራ አንድ ባርኔጣ፣ ላዩ ከል፣ ውስጡ እሸት፣ ሳይነጋ ሰፋን።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆሜ ዐየሁ፤
ጥቁር በጥቁር ላይ፣ የቁራ ማኅበር መስሎኝ ሳቄን ዋጥሁ።
ሰው ሁሉ ለማያውቀው ሬሳ አንገቱን ደፍቶ ገበረ፤
የዐሥራ አንዱ ራስ ገበሩ ሚያዝያ ነበረ።

ሰኞ አንዷ መለሰች፣ "ይህ ምን ስድብ ነው?" ብላ።
ማክሰኞ የመርከበኛው መበለት ኦርፋ ቲንዳል መጣች፤
ጥሬ ሽልንግ አንድ ባንድ ደረደረች፤
ስለ ገበሩ ትንፍሽ አላለች።
በሩን ስትከፍት ብቻ ዞር ብላ ጥቁሩን እጄን ዐየች።

እመቤት ሌቲስ ግን ውስጡን አላየችውም፤
ባርኔጣ የሚያወልቅላት አለ፣ የሚሰቅልላትም።

በዘጠነኛው ዓመት ሞተች። ሱቁ የኔ ሆኗል፤ ደብተሩም።
ሴት ልጇ በሠረገላ መጣች፣ ለእናቷ ከል ልታዝ፤
ራሷን ለካሁ፤ የእናቷ ልክ ነው፣ ከግንባሩ ትንሽ ሰፋ ያለ።
"ሒሳቡን በማን ልጻፈው?" አልኋት።
"በእናቴ ገጽ ቀጥዪው" አለች፣ ጓንቷን እየጎተተች፣ ቀለል ብሏት።

አራተኛ ወረቀት ለጠፍሁ። ብዕሬን ነከርሁ።
የጽሕፈቱም ቀለም፣ ለካ፣
ከዚያው ከባሉጥ እባጭ ነው የሚፈላ።