ቃለ ጉባኤ፣ ቀበሌ አሥራ አንድ

«አሥራ አንድ ቀበሌ ታጥፏል ከዘንድሮ፣
ምድር ቤቱ ጓዳ ይሆናል ሌላ ቢሮ፤
መዝገቡን ለይና የማይጠቅመው ይጣል፤»
ብለው ቁልፍ ሰጡኝ። የማይጠቅመውን ማን ያውቃል?

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ጸሐፊ፣
ቆሜ አላወራሁም፣ ተቀምጬ ለፊ፤
እጄ ነው የሚያውቀው የአዳማን ምክር ቤት፣
ማን ምን እንደጀመረ፣ የት እንዳቆመበት።

የፊተኛው መዝገብ በቆዳ ታስሮ፦
ርስት ያለው ብቻ ይመርጣል ተቆጥሮ፤
ደረሰኝ ያሳየ የከፈለ ግብር
ስሙ ይጻፍለት፣ ሌላው ከደጅ ይቅር።
ቀኛዝማች ድልነሳው፣ ስድስት ቤት ያላቸው፣
የሰፈሩን ወንበር ያዙት፤ ማን ይቅደማቸው?
ጋሪ ነጂው ቱፋ ተከራይ ነበረ፤
ፈረሱ በቁጥር ከማዘጋጃው መዝገብ ሰፈረ፣
ቱፋ ግን አልሰፈረ።
ደጅ ቆሞ ጠበቀ፤ ስብሰባው ሲፈታ
ለቀኛዝማች ነገረ የጎርፉን ሁኔታ፣
ከተራራው ወርዶ ቤቱን እንዳነሣው።
«እነግርልሃለሁ» አሉት ድልነሳው።
ነግረውለታልም፣ ሐሰት አልጽፍባቸው፤
አንዲት መስመር አለች ከፊርማቸው በታች፦
«የጎርፉ ጉዳይ ለሚቀጥለው ጉባኤ ይተላለፍ።»

ሁለተኛው መዝገብ፣ ወረቀቱ ሻካራ፣
ገጹ ሁሉ ሞልቷል በአውራ ጣት አሻራ።
ቀኑ እሑድ ነበረ፤ ከሜዳ ላይ ወጥቶ
ተከራዩ፣ ሎሌው፣ ተሸካሚው፣ እጁን አውጥቶ
መረጠ።
ሸምሲያን መረጧት፤ በርበሬ ቸርቻሪ፣
ሒሳብ በጣት ቆጣሪ፣ ፊደል ያልተማረች።
የከተማው ሸንጎ ወንበር ሲሰጣት
ጫፉ ላይ ተቀመጠች፣ ሰው እንደሚነጥቃት።
ግን ቦዩን አስቆፈረች! በዶማ፣ በአካፋ፤
ፈረሱ ሞቶበት፣ አፈሩን በጀርባው አጋዘ ቱፋ።
ቁፋሮው ደረሰ እስከ ወሰን ድንጋይ፤
ከዚያ ወዲያ ማዶ፣ የአሥራ ሁለት ጉዳይ።
የአሥራ ሁለት ሰብሳቢ «በጀት የለንም» አለ፣
ቦዩ አፉን ከፍቶ እዚያው ተንጠለጠለ።
በዚያው ክረምት ጎርፉ፣ የኛን ቦይ ተከትሎ፣
አሥራ ሁለትን መታ፣ ሁለት ሕፃን ነጥሎ።
ሸምሲያ በማግሥቱ ቆማ ተናገረች፤
ምን እንዳለች አልተጻፈም።
ብቻ፣ ፈረመች፦
አንድ አውራ ጣት፣ ከነጭቃው።

ሦስተኛው መዝገብ የኔው እጅ ጽሑፍ ነው፤
ይህን ልደብቀው ብል የት ነው የምቀብረው?
ወንበሩ በዛልን፣ አዳራሹ ጠበበ፤
ከአንድ ቀበሌ ብቻ ሦስት መቶ ሰው ተሰበሰበ፣
ከአንድ ሣጥን እንደወጣ ክብሪት፣
ራሱ አንድ ቀለም፣ እንጨቱ አንድ ርዝመት።
«የሚቃወም?» ይባላል። ማራገቢያው ይሽከረከራል።
«ድምፀ ተአቅቦ?» አንድ ሰው ያስነጥሳል።
«በሙሉ ድምፅ» ብዬ እጽፋለሁ።
የጎርፉስ ጉዳይ? አለ፤ ተራ ቁጥር ሰባት፣
«ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር፣ ሰዓት ካለቀ በኋላ፣
ሰው ለአበሉ ሲፈርም፣ ወንበር ሲንኳኳ።

ካርታው ደግሞ መጣ፣ አዲስ፣ ባለ ቀለም፤
አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት የሚባል የለም፤
ወሰኑ ሲፋቅ ቦዩም አብሮ ተፋቀ።
የቀረችው ወንበር የአንድ ሰው ናት፤
እሱም ከወዲያ ማዶ ነው፣ ቦይ መኖሩን አላወቀ።

ሐምሌ ነው።
ከተራራው በኩል ሰማዩ አጉረመረመ፤
መብራት እልም አለ፣ ከዚያ ደግሞ አዘገመ።
ከበሩ ሥር ቀጭን ውኃ ሲገባ አየሁ፤
ሦስቱን መዝገብ ይዤ
ከላይኛው መደርደሪያ አወጣሁ፣ ሱሪዬን ጠቀለልሁ።
ማንም አልመረጠው፣ ደረሰኝ አላሳየ፣
የየት ቀበሌ ነህ የሚለው አላየ፤
ከወንበሬ እግር ደርሶ፣ ቀስ ብሎ፣ ረጋ።

ባዶ ገጽ ነበረኝ። እስክሪብቶ አወጣሁ፦
«ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።
ተናጋሪ፦ ጸሐፊው።
አጀንዳ፣ ተራ ቁጥር አንድ፦ ጎርፍ።»