አንድ ሺኛ ሞል

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ባንዱ፣ ዝናብ ያስገባን ዕለት፣
እናቴ ቀለበቷን አወለቀች፣ በሳሙናና በጉልበት።
«አራት ግራም» ይላል ደረሰኙ፣ ሠላሳ ዓመት የታጠፈው፤
ጋሽ ኅሩይ ሚዛኑን አየና መነጽሩን ወለወለው፦
መቶ ዘጠና ሰባት ሚሊግራም ጎደለው።
«ተበላሁ?»
«የለም እቴ፣ ንጹሕ ወርቅ ልስልስ ነው፤
ሲኖሩበት ያልቃል።»

እኔ ያራት ኪሎዋ ተማሪ፣ በደረሰኙ ጀርባ፣ እዚያው ቆሜ
የጎደለውን በወርቅ ሞላር ክብደት አካፈልሁ፣ በደከመ ቀለሜ፤
አንድ ሺኛ ሞል።
በአቮጋድሮ ቁጥር ሳባዛው
ስድስት፣ ከኋላው ሃያ ዜሮ፤ ወረቀቱ አልበቃው።

ለሠላሳ ዓመት ቢታደል፣
በየሰከንዱ ስድስት መቶ ቢሊዮን አተም
ከጣቷ ይረግፍ ነበር፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ሕመም፤
በድስት ቂጥ፣ ባንሶላ አረፋ፣ በታክሲ በር እጀታ፣
ትኩሳት ሲያነደኝ በግንባሬ፣ ስንት ማታ።

ለጎደለው ማንም አልከፈለ። የቀረው ተመዝኖ
ብሩ ቦርሳዋ ገባ፣ ለወንድሜ መመዝገቢያ ሆኖ።

ደጅ ስንወጣ ቁጥሩን ነገርኋት።
ቀለበቱ የተወውን ነጭ መስመር እያሸች
«ሃያ ዜሮ?» አለች።
ጥቂት ሄደን ደግሞ፣ ጃንጥላውን ወደኔ እየገፋች፦
«ከወጪ ነው የሚጻፈው፣ ከገቢ?»