ምርመራ

አባቴ ይሁኔ፣ የደንበጫው ሰው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ የሰፈረው፣
በቁና አይደለም፣ በመስታወት ስፍር፣
ጧት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሽቦው አጥር ሥር
ጎንበስ ብሎ፣ ባንድ ዓይኑ አይቶ፣
ሚሊ ሜትሩን ይጽፋል፣ እስክሪብቶ በምላሱ ነክቶ።

መዝገቡ ቤት ቤት ነው፤ ቀኑ፣ ልኩ፣ ፊርማው፤
ከዳር አንዱ ጠባብ፣ ሰው የማይሻማው፣
«ምርመራ» የሚሉት፣ ባዶ የሚቀር።
አባቴ እዚያ ላይ፣ በግንቦት ዳር ዳር፣
በልደታ ዋዜማ፣ ወይ በማግሥቱ፣
«ማታ ጮኹ» ይላል፤ ያው ነው ጽሕፈቱ።

ማን እንደጮኸ አይልም፤ ምን አስጨነቀው?
ከጤምጫ ረግረግ ዳር ጎጆ የቀለሰ ሰው
ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ዶፍ ሣሩን ሲያርሰው
ጓጉንቸሩ ከቦዩ በወፍራሙ ሲያነሣ፣
እንቁራሪቱ ከደንገሉ በቀጭኑ ሲቀበል፣
ግራ ጌታ፣ ቀኝ ጌታ፣ ሌሊቱ እስኪጋመስ፤
ጎረቤታችን ጥሩሰው ከመደብ ተነሥቶ፣
ከደጅ ባከማቸው ጠጠር አንድ አፍታ ዝም አሰኝቶ፣
ደግሞ ሲጀምሩ፣ ስቆ ሲገባ።

የጓጉንቸር ዕንቁላል ክር ነው፤ ረጅም ነው፣
ጥቁር ማተብ መስሎ ከሣር አንገት የታሰረው፤
የእንቁራሪት ግን ውኃ የጠጣ ተልባ፣
ሲጨብጡት ሾልኮ ተመልሶ ውኃ የሚገባ።
ልጅ ሳለሁ በጣሳ ቀድቼ፣ ካልጋዬ ሥር ሸሽጌ፣
ጅራት ሲያበቅል፣ እግር ሲያወጣ፣ ጅራቱን ሲጥል አይቻለሁ።
አርባ ቀን ነው፣ እንደ ወንድ ልጅ ክርስትና፤
አርባ ቀን ውኃ ከሥሩ ካልሸሸ፣ ደኅና።

አባቴ ካረፈ መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው።
ዘንድሮ፣ የካቲት ዐሥራ ስምንት ሌሊት፣
ማንም ያልጠራው ዝናብ፣ በረዶ ቀላቅሎ፣
አርባ አንድ ሚሊ ሜትር ገለበጠው ቶሎ።
እነሱን ባሕረ ሐሳብ ማን አስተማራቸው?
ምድር ስትርስ ነው ግንቦት የሚገባላቸው።
ወጡ። ጮኹ። ተፈናጠጡ።
ከአስፋልቱ ግርጌ፣ ሲኖትራክ በቦረቦረው ጎድጓዳ፣
ማተባቸውን አሰሩ፣ ተልባቸውን ደፉ።

ከዚያ ፀሐይ።
መጋቢት እስኪወጣ፣ በልኩ ቤት፦ ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።
ጎድጓዳው ገበቴ ነበር፤ ድስት ሆነ፤ ጭልፋ ሆነ።
በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን በጀሪካን ውኃ ይዤ ሄድሁ፤
እግር ያላበቀሉ ጥቁር ነጥቦች፣ በተሰነጠቀው ጭቃ ላይ፣
እንደ ተሰጣ ኑግ።
ውኃዬን ደፋሁት። መሬቱ ባንድ ትንፋሽ ጠጣው፣
እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይል።

የግንቦቱ፣ እውነተኛው ዝናብ፣ በሃያ ሁለት ገባ።
ሣሩ ረሰረሰ። ቦዩ ሞላ።
ጧት ጥሩሰው ከአጥሩ ወዲያ፦
«እንቅልፍ ወሰደሽ?»
«ወሰደኝ።»
«እኔን ግን ዝምታው ቀሰቀሰኝ» አለ፤
ጠጠሩ እጁ ላይ ነበር።

ከባሕር ዳር የመጣ ደብዳቤ አባቴ ፋይል ውስጥ አለ፦
«ምርመራ ላይ ከአየር ጠባይ ውጭ የሆነ ነገር አይጻፍ።»
ከሥሩ፣ በእርሳስ፣ በአባቴ እጅ፦
«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

ሰኔ አምስት። ልክ፦ ዐሥራ ሁለት ነጥብ አራት።
ምርመራ፦ ማታ ከቦዩ አንድ አነሣ።
እስኪነጋ ጠበቅሁ።
የተቀበለ የለም።